የሚገፋ የለም

ዝናብ ያጠበው አደባባይ፣ ከባስክ ተራራ ሥር፤
ስምንት በዚህ፣ ስምንት በዚያ፣ በመሀል የገመድ ድንበር።
እኔ የመንደሩ ነርስ፣ ፋሻና በረዶ ይዤ፣
ከዳር ቆሜ አያቸዋለሁ፣ ካፖርቴ ውስጥ ደንዝዤ።
መዳፋቸውን ሙጫ ቀብተው፣ ተረከዛቸውን ተክለው፣
አሰልጣኟ ኤኔሪትስ «ያዝ!» ስትል፣ ያዙ ጥርሳቸውን ነክሰው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚህ ገመድ የተማርኩት፣
በነርስነት ትምህርት ቤት አንብቤ ያላመንኩት፦
ጡንቻ መግፋት አያውቅም።
ከእናቱ ማህፀን ጀምሮ ሙያው አንድ ነው፤ መሳብ።
በር ስዘጋ፣ ጋሪ ስነዳ፣ ገፋሁ ብዬ ስመካ፣
ከክንዴ ጀርባ ያለው ነው ስቦ የሚዘረጋኝ ለካ!
የፊተኛው ክርን ሲያጥፍ፣ የኋለኛው ይለቃል፤
የኋለኛው ሲዘረጋ፣ የፊተኛው ተራውን ያውቃል፤
ሁለቱም ጨክነው ቢስቡ፣ አጥንት መሀል ይጨነቃል።

ክንድን ብትተረትሩት ከዚህ ገመድ አይለይም፤
ጥቅል ውስጥ ጥቅል፣ ክር ውስጥ ክር፣ መጨረሻው ለዓይን አይታይም።
እዚያ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሌላ የገመድ ጉተታ አለ፤
ቁጥሩ የማይታወቅ ጭፍራ በክሩ ላይ የተንጠለጠለ።
ከአንጎል የወጣ ትእዛዝ ነርቭ ለነርቭ ሲደርስ፣
ካልሲየም ከጓዳው ወጥቶ መቆለፊያውን ሲያፈርስ፣
ጥቃቅን ራሶች ይይዛሉ፣ አንገታቸውን ይሰብራሉ፣
ለቀው ደግሞ ይይዛሉ፣
ለቀው ደግሞ ይይዛሉ።
ክሩ ራሱ አያጥርም፤ በጎረቤቱ ላይ ይንሸራተታል እንጂ።
የአንዱ ራስ ስበት ብናኝ አያነሳም፤
ሁሉም ካልሳቡ ግን ሰው ከአልጋው አይነሳም።

ታዲያ ዋጋ የሚያስከፍለው መያዝ ይመስላችኋል?
እኔም ይመስለኝ ነበር።
መልቀቅ ነው።
ያ ራስ ከክሩ የሚላቀቀው ስንቅ ሲደርሰው ብቻ ነው፤
ስንቁ ያለቀ ለታ፣ እንደያዘ መቅረት ነው።

ሻንቲን አስታውሳለሁ፣ የቡድኑን የኋላ መልሕቅ፣
ገመዱን በጀርባው አዙሮ፣ እንደ ቋጥኝ የማይነቃነቅ።
በጥር ሌሊት ሞተ፣ በእንቅልፉ፣ ማንንም ሳይጠራ፤
ሲነጋ ደረስኩ፤ ቀኝ እጁ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ጋራ
አንድ ላይ ደርቋል።
አውራ ጣቱን ላላቅቅ ስል፣ ሚስቱ ማዳሌን
«ተይው» አለችኝ፤ ፈገግ እንደማለት ብላ፣
«መች ለቆ ያውቃል?»
በሦስተኛው ቀን መዳፉ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።
ፈቅዶ አልነበረም፤ ክሩ መፍረስ ጀምሮ እንጂ።
ይህን ግን ለማዳሌን አልነገርኳትም።

ዛሬ በሻንቲ ቦታ የልጅ ልጁ ዙሃይትስ ቆሟል።
አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል።
ጭኑ ብርድ እንደመታው ውሻ ይንቀጠቀጣል፤
አንዱ ጭፍራ ሲደክመው ሌላው ሊተካው ይሮጣል።
ኤኔሪትስ ትጮኻለች። ተረከዝ ተንሸራተተ፤
አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ከዚያ ፊሽካ።
ተሸነፍን።

የዚያ ማዶዎቹ ሲተቃቀፉ፣ እሱ ገመዱን ሊጥል ፈለገ፤
ጣቶቹ እምቢ አሉት።
እንደ ሰው ዕቃ አያቸውና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።
እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንበርክኬ፣
ከትንሿ ጣቱ ጀምሬ፣ እያሻሸሁ፣ አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው፤
ማር የተቀባ ዳቦም አጎረስኩት።
«ክፍያ ነው» አልኩት።
«የምን?» አለ፣ አፉ ሙሉ ነው።
«የመልቀቂያ።»

ማታ ቤቴ ገብቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ፤
ዝናብ ያበጠ እንጨት ነው፤ ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ
ልል ነበር።