አውራ ጣት

ከአዳማ ወደ ወንጂ፣ ባጃጁ አገዳ ለአገዳ ሲሄድ፣
በግራ በኩል ነው ትምህርት ቤቴ፤ ከመስኖው ቦይ አልፎ፣ ከግራሩ ግንድ።
አራተኛ "ለ" ክፍል፣ ጠዋት ማባዛት የማስተምርበት፣
ለምርጫው ጣቢያ ሆነ፤ ሰባት ሲባዛ በሰባት
ሰሌዳው ላይ ቀረ፣ የሚያጠፋው ጠፋበት።

ሰፈሩን አውቀዋለሁ፤ የማን ልብ ወዴት እንዳዘመመ፣
ሳጥኑ ሳይከፈት በፊት፣ በልቤ ተቆጥሮ፣ ተደምሮ፣ ታተመ።
ላይኛው መንደር ለፋኖስ ነው፤ ሽቦ ዘርግተው ቆጣሪ ስለሰጡ፣
ታችኛው መንደር ለማረሻ፤ አዋሽ ሞልቶ ቤት ሲበላ፣ ዱቄት ጭነው ስለመጡ።
የፋብሪካው ጡረተኞች ለፈረስ፤ ሊቀመንበራቸው ፈረስን ስለመረጠ፣
እሱስ? አማቹ ነው እጩው፣ "ምራቁን የዋጠ"።
ባጃጅ ነጂዎቹ አዳማ ውለው፣ የአዳማን ወሬ ጭነው ይመለሳሉ፤
ጠዋት የፈረስ ሸሚዝ፣ ማታ የፋኖስ ኮፍያ ይለብሳሉ።
ወይዘሮ ጉደቱ ግን ሦስት ጊዜ ጠይቃ፣
"ውኃ የማያጠፋው የቱ ነው?" ብላኝ፣ መልስ እንደሌለኝ አውቃ፣
ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤
ወጣችም፣ የጣቷን ቀለም በአየር አድርቃ፣ ለራሷ ስቃ።

እኔስ? እኔ መምህር ነኝ፤ ደመወዜ የት እንደሚፈረም ታውቃላችሁ፣
ለማን እንደሰጠሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠይቃችሁ።

ማታ መብራት ሄደ፤ ላይኛው መንደር ጭምር፣ ለፋኖስ የተሰለፈው፣
በእጅ ባትሪ ቆጠርን፣ የወባ ትንኙ ጆሯችን ላይ የራሱን ቅስቀሳ ሲለፍፈው።
ፋኖስ። ፋኖስ። ማረሻ። ፈረስ። ፋኖስ። ማረሻ። ማረሻ።
የሰው ውለታ፣ የሰው ኩርፊያ፣ ተራ በተራ፣ እስከ መጨረሻ።

ከዚያ አንዷ ወጣች።
ከሥዕሎቹ ውጪ፣ ከታች ነጩ ባዶ ላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ፤
ጫፍ የለውም፤ ግማሽ ጨረቃ ነው፣ በገጀራ የተሠራ።
አወቅኩት። ኤርጫፎ ነው። ከከምባታ በልጅነቱ ለአገዳ ቆረጣ የመጣ፣
አንድ ሌሊት ከአገዳው ጋር የጣቱን ጫፍ ቆርጦ ያጣ።

"ማን ነው ይሄ?" አሉ ታዛቢዎቹ፣ "ማንን ፈርቶ ነው? ማንን ንቆ?"
አንዱ፦ "ማንበብ አይችልም።" አንዱ፦ "የለም፣ ይሄ ሰው አውቆ!"
ሦስተኛው፦ "ሰክሮ ነው።" ሰብሳቢው አቶ ቡልቻ፣ ድሮ ስኳር መዛኝ የነበረ፣
ባትሪውን ወደ ፊቴ አዞረ፤
"መምህር፣ አንተስ?" አለኝ፣ ዓይኔን ጠይቆ።

ሰባት ሲባዛ በሰባት፣ አልኩ በልቤ። "አላውቅም" አልኩ በአፌ።
"ውድቅ" ከሚለው ፖስታ ከተትኳት፣ በእጄ፣ አጥፌ።

አውራ ጣት ይባላል፤ አውራ ፓርቲም ይባላል፤
አውራው የተቆረጠበት ሰው፣ እሱ የቱ ጋ ይውላል?

ጠዋት ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ሰፈሩ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣
"ዱቄት በላ!" "አምፖል ላሰ!" እያለ ተሰዳደበ።
መጨረሻው መስመር ላይ "ውድቅ፦ አንድ" ይላል።
እዚያ ድረስ ማን ወርዶ ያነባል?

ኤርጫፎ ከሰዓት መጣ፣ ገጀራውን ግራሩ ላይ አስደግፎ፣
"መምህር፣ ከሥር ያለችው አንዷ፣ ተቆጥራለች?" አለኝ፣ በግማሽ ጣቱ ቁጥሮቹን ሁሉ አልፎ።
"ተቆጥራለች" አልኩት። "ከማን ጋር?" "ለብቻዋ ጻፍናት።"
"ለምዳዋለች" አለና ሄደ፤
ድምፁን ይሁን ጣቱን ማለቱ፣ እስከ ዛሬ አልለየኋት።

ሰኞ ክፍሌ መልሶ ክፍል ሆነ። "ሰባት ሲባዛ በሰባት?" አልኩ፣ መልሱን በዳስተር ደብቄ፤
የኤርጫፎ ልጅ እጁን አወጣ፤ አምስቱም ጣቶቹ ሙሉ ናቸው።
በሹክሹክታ መለሰ። ልክ መሆኑን ከከንፈሩ አውቄ፣
"ድምፅህ አይሰማም፣ ጮክ በል" አልኩት፣
የራሴን ድምፅ ዝቅ አድርጌ፣ በሩን በዓይኔ ጠብቄ።