አመልካች

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሽቦው በወጣ ጃንጥላ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፌያለሁ ለሌላ።
የድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የፍች፣
ሁሉንም ስጠራው «አመልካች... አመልካች»።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጦሳ ጉም ለብሷል።
ጎማ ጠጋኙ ይመር ልጁን ይዞ ደርሷል።
እጁን ከሱሪው ጠርጎ፣ ግሪሱ ግን ላይቀር፣
ቅጹን ዘረጋልኝ፣ የግል ትምህርት ቤቱ ማህተም ካለበት ዳር።

«ጦይባ ፈተናውን አልፋለች፤ አንድ ገጽ ነው የቀራት፤
ማን እንደሆነች ጻፍላት።
ከመቶ አርባው እሱ ነው አሉ፣ ነጻ ወንበሩም ሁለት፤
አብሽር፣ ዋጋህን አልነካም፤ ብቻ አሳምርላት።»

ብዕሬ ለምዷል፤ ሳላስብ ጀመርሁ፦
«ጉዳዩ፦ የትምህርት ዕድል ስለመጠየቅ» አልሁ።
«እኔ አመልካች፣ ነዋሪነቴ ደሴ፣ የድሀ ልጅ ስሆን፣
ችግሬ ከግምት ገብቶ፣ እንባዬ ታይቶልኝ እንዲሆን...»

ልጅቱ አነበበች። ዝም አለች። ከዚያም፦
«ጋሼ፣ ይህችን ልጅ እኔ አላውቃትም።
አላለቀስሁም እኮ።»

«ታዲያ ምን ልበል?» አልኋት። ተቀምጣ ድንጋዩ ላይ፣
ስለ አባቷ ነገረችኝ፣ ጎማ በውሃ ሲያይ፤
ከመነዳሪው ገንዳው ውስጥ አረፋ ሲተፋ፣
አባቷ ቀዳዳውን ሲያገኝ፣ እሷ ባረፋው ስትጠፋ፦
ለምን ክብ ሆነ? ለምንስ ወደ ላይ ይሮጣል?
ደንበኛው ሂሳብ ከፍሎ ይሄዳል፤ ጥያቄው እዚያው ይቀመጣል።

«ይህንኑ ጻፊው» ብዬ ብዕሩን አቀበልኋት።
ይመር ተቆጣ፦ «ጽሕፈቷ ጠማማ ነው፣ አንተው ጨርስላት!
በጎማ ወሬ ማን ይገባል? አስተማሪዎቹስ ምን ይላሉ?»
እኔስ መች አወቅሁ ምን እንደሚሉ።

ጻፈች። ሁለት ቦታ ሰረዘች። ቅጹን ግሪስ ነካው።
«ከታላቅ አክብሮት ጋር» የለው፣ «ጉዳዩ» የለው፤
ስሟ ብቻ ነው ከግርጌው።

ተቀበሏት ይሆን? እስካሁን አልሰማሁ።
ዋጋም አልጠየቅሁ፤ የትኛውን ቃል ጻፍሁ?
ብቻ ያን ቀን ማታ፣ ጃንጥላዬን ሳጥፍ፣
አንድ ወረቀት ቀደድሁ ስለ ራሴ ልጽፍ።
«እኔ» አልሁ።
እጄም ከልማዱ «አመልካች» ብሎ ጨመረ።

ሰረዝሁት። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ እስከ ሰኞ ገበያ፣
«እኔ» ብቻዋን ቀረች፣ ያለ ማብራሪያ።