አታማስለው

ኅዳር ነው። ሌር ከተማ፣ ወንዙ ዳር ካለው ሰፈር፣
ዝናብ ቁልቁል አይወርድም፣ በአግድም ነው የሚወረወር።
መሰላሌን በጀርባዬ፣ ብሩሼን በጫንቃዬ፣
ከላይ እስከ ታች ጥላሸት፣ ጥርሴ ብቻ ነው ነጭ ዕቃዬ።

ጢስ ማውጫ ጠራጊ ነኝ፣ የሙያ ወረቀት ያለኝ፣
ባለ ወርቃማ ቁልፍ ኮት ማኅበሩ የሸለመኝ።
(አለቃዬ ኤኖ እንኳ፣ ጧት አብረን ስንወጣ ነጭ፣
ማታ ከኔ የባሰ ነው፤ ጥላሸት ዘር አይመርጥም ሲረጭ።)
አላፊው ሁሉ ይነካኛል፣ ቁልፌን ይዳብሳል ለዕድል፤
አንዲት ሙሽራ አንዴማ ትከሻዬን ሳመች፤ ምን ልበል?

የዛሬዋ ወይዘሮ ታልከ፣ ሰማንያ አንድ ነው ዓመቷ፣
በሯ አረንጓዴ፣ ደፏ ንጹሕ፣ አምስት ደቂቃ የሚቀድም ሰዓቷ።
ጣሪያ ወጣሁ። ሰንሰለቱን ከነኳሱ ወደ ታች ላክሁ፣
ወረድሁ፤ የታችኛውን በር ከፍቼ ባትሪ አበራሁ፣
እጄን አስገብቼ ደባበስሁ።
ምንም።
እፍኝ ቀርቶ ጥላሸቱ፣ የማንኪያ ጫፍ የማይሞላ፣
ሁለት ዓመት እሳት ያላየ፣ የጡብ ጉሮሮ፣ ባዶ ገላ።

"ንጹሕ ነው" አልኋት። "አውቃለሁ" አለች። "ቁጭ በል፣ ሻይ ደርሷል።"
"ልብሴ..." ልላት ስል አየሁ፤ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል።

ስኒው ስስ ነው፤ ከወዲያ ማዶ የጣቴ ጥላ ይታያል፣
የስኳር አለት ጣለችበት፤ ሻዩ ሲነካው ይሰነጠቃል፣
ቀጭ! እንደ ቀጭን በረዶ፣ ሕፃን እንደረገጠው ኩሬ፤
እንዲህ የሚያወራ ስኳር አልሰማሁም እስከ ዛሬ።
ክሬሙን በትንሽ ጭልፋ በጠርዙ በኩል ለቀቀችው፣
ሰጠመ፤ ደመና ሆኖ ተነሣ። ማንኪያ ሳነሣ እጄን ያዘችው።
"አታማስለው።"

የመጀመሪያው ጉንጭ፦ ጢስ።
ቀኑን ሙሉ ያሳልሁት፣ ከጆሮዬ የጠረግሁት ጢስ!
የጥድ ሙጫ፣ የራሰ ገመድ፣ የከሰለ ቅርፊት፣ የቆዳ፣
ምላሴ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ሳይጠራ እንደ መጣ እንግዳ።
ፊቴን ፈታ አድርጌ "ግሩም ነው" አልሁ፣ በጨዋ ደንብ፤
ሳቀች። "አታስመስል" አለች፤ "መጀመሪያ ጠጣ፣ ኋላ አስብ።"

(በሷ ቋንቋ ሁለቱ ቃላት ጨርሶም አይተዋወቁ፤
በኔ አፍ ግን ጎረቤት ናቸው፣ ባጥር ላይ የሚሳሳቁ።
አታማስል። አታስመስል።
ሁለቱም፦ የታቹን ተወው፣ በሰዓቱ ይመጣል የሚል።)

ሁለተኛው ጉንጭ ለሰለሰ፤ ክሬሙ ጢሱን አቀፈው፣
ቫኒላ ነው? ያረረ ስኳር? ስሙ ምላሴ ጫፍ ደርሶ፣ ሌላ ጣዕም መጥቶ ገፋው።

"ሃርም ዓሣ ያጨስ ነበር" አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣
"አርባ ሦስት ዓመት። ያን እባብ መሳይ ዓሣ፣ በመንጠቆ ሰቅሎ በተራ።
ትዳራችን በሳሙና አለቀ፤ ሸሚዝ ስፈትግ፣ ትራስ ስፈትግ፤
'ይህ ሽታ መቼ ነው የሚለቀኝ?' እል ነበር። አምላክ ሰማኝ፤ ምን ላድርግ።
ልጃችን ካፖርቱን አጠበችው፣ ለደግ ብላ፣ በአበባ ሳሙና፤
ምድጃ እንኳ አላነድም፤ ያ ጢስ የሱ ጢስ አይደለምና።
አንድ ቀን ሻይ ሻጩ ቆርቆሮ ሲከፍት፣ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ፤
ዞር አልሁ። ማንም። 'ሁለት መቶ ግራም' አልሁት፤ ጉልበቴ ራደብኝ።"

ምን ይባላል? የማጽናኛ ቃል በሁለቱም ቋንቋ ጠፋኝ።
ስኒዬን አነሣሁ፤ ጠጣሁ፤ ከታቹ ደረስሁ፤
ያ አለት፣ ዝም ብሎ ሲሟሟ የቆየው፣
ባንዴ መጣ፤ ጥርሴን ጠዘጠዘው፤
ዓይኔን አጤሰው።
"ጢሱ ነው" አልኋት፣ በእጅጌዬ እየጠረግሁ፣ ጥላሸት በጥላሸት።
ያን ጊዜ "አታስመስል" አላለችም።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ "በዚህ ቤት እሳት ይነዳል?"
እስክሪብቶዬን አነሣሁ። አስቀመጥሁት። ሌላ ቀን ይሞላል።
በዚህ አገር የበቃው እንግዳ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ያቆማል፤
የኔ ማንኪያ ከውጭ ተኝቷል።
አየችው።
ስኳሩን ጣለች፤ ማንቆርቆሪያውን አዘነበለች፤
ቀጭ!