አቀና

ማዳም ኦዴት ኡልሞ ሰማንያ ዘጠኝ ናት፤
ኔታንያ ገደሉ ላይ፣ ባሕር ከሚታይበት፣
አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ሁሌ በሚቆምበት፣
ማታ ማታ እኔ ነኝ እግሯን የማጥብላት።

ክኒኗን ከዋጠች፣ መብራቱን ካጠፋሁ፣
«ስንዱ፣ ካርቶኑን!» ትላለች፤ መልሼ አበራለሁ።
የጫማ ካርቶን ነው፤ አምስት ትውልድ ያዘለ፣
በላስቲክ ታስሮ ካልጋ ሥር የዋለ።

ናፍታሊ ኡልሞ ነው የሁሉም መነሻ፤
የአልዛስ ከብት ነጋዴ፣ ያለ ጥማድ እርሻ።
በአሥራ ስምንት መቶ አርባ ስምንት፣ ክረምት ላይ፣
በመንግሥት ነጻ ትኬት ተጫነ ከማርሴይ።
አልጄሪያ ወረደ። መኮንኑ መጥቶ፣
በገመድ ለካለት፣ ችካሉንም መትቶ፤
አንድ በሬ፣ አንድ ማረሻ፣ ዐሥር ሄክታር ሜዳ፤
«ያንተ ነው» አለና ፈረመ፤ ያለ ዕዳ።

ወባ ሁለት ልጆቹን ወሰደ፤ ኪኒን እንደ ቆሎ ቃመ፤
ወይኑን ተክሎ ጠበቀ፤ በአራተኛው ዓመት ለቀመ።
ልጁ ጋጣ ጨመረ፤ የልጅ ልጁ ፎቅ ሠራ፤
ማዳም ፒያኖ ተማረች፤ ደጃፉ ብርቱካን አፈራ።
ከዚያ ጦርነት። ሁለት ሻንጣ። ማርሴይ ዳግመኛ።
ያው ወደብ፣ ያው ዝናብ፤
ሂያጁ ባለ ትኬት፣ ተመላሹ ስደተኛ።

«በናንተስ ቋንቋ» አለችኝ አንድ ሌሊት፣ ጣቷ ሰነዱ ላይ እንዳረፈ፣
«እንደ ናፍታሊ ያለው ሰው ስሙ ምን ተብሎ ተጻፈ?»
«አቅኚ» አልኳት፤ «አገር ያቀና፤ ቃሉ ሲፈታ፣
የጎበጠን ቀጥ ያደረገ፣ የጠመመን ያስተካከለ ጌታ።»

ዝም አለች። ከታች ባሕሩ ገደሉን ይቆርጣል።
«ታዲያ ማን አጉብጦት ነበር?»
እጇ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል።

ያወጣችው የሒሳብ መዝገብ ነው፤ አይጥ ዳሩን የበላው።
የመጀመሪያው ገጽ፦
«ቡዚያን፣ የጉድጓዱ ባለቤት፤ ለውኃው ሁለት ፍራንክ የተከፈለው።»
የሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀለም፦
«ቡዚያን፣ የቀን ሠራተኛ።»
ሌላ የተጻፈ የለም።

እኔ ሰነድ የለኝም፤ አጥንቴን በአፌ ነው የምቆጥረው፤
ተዛዙ፣ መክት፣ አዛናው፣ ብሩ... ሰባተኛው ላይ ነው የማቆመው።
አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ላገሩ ሁሉ ማረሻ ሠራ፤
የእኔ የሚለው ትልም ግን አልነበረውም በዚያ ተራራ።
«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲሉ እየሰማ አረጀ፤
«ባለቤቱ» የሚሉት ማን እንደሆን ሳይነግሩት አፈጀ።

እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ በነጻ ትኬት ነው የመጣሁ፤
ወንበር በሌለው አውሮፕላን፣ ግንባሬ ላይ ቁጥር ተለጥፎ ወጣሁ።
ቁልፍ ሰጡኝ፣ ወረቀት ሰጡኝ፤ በጣቴ አተምሁ፣ ፊርማ አላውቅም።
ከሥሩ የማን ጉድጓድ ነበር?
ደስ ያለው ሰው አይጠይቅም።

ልጇ የዘር ሐረጉን አስሥሎ ከፓሪስ ላከ በፖስታ፤
ዓርብ ራሱ ይመጣል፤ እኛ ሥዕሉን ዘረጋነው ሐሙስ ማታ።
ናፍታሊ ግንዱ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ወረቀቱ ነጥቷል።
«አንቺ ጻፊው» አለች፤ «በፊደልሽ። የእኔማ እጅ ደክሟል።»
አራት ሆሄ ነው፤ ቡ፣ ዚ፣ ያ፣ ን። ጻፍሁና እፍ አልኩበት።
ቀጥ ላደርገው ሞክሬ ነበር፤ መጨረሻው ሆሄ ግን ጎበጠ፤ ተውኩት።

ዓርብ ልጇ መነጽሩን አደረገ፤ ጽሑፉን በጣቱ ዳሰሰ።
«ምንድን ነው ይኼ?» አለ።
«ጌጥ ነው» አለችው፤
እግሯ ከውኃው ሥር እጄን ጠቀሰ።