የወሰን ግድግዳ

«ለሦስት ቀን ነው» ሲሉን፣ ነጭ ጨርቅ ሰቅለን ወጣን፤
ሦስቱ ቀን አምስት ወር ወልዶ፣ ከድንኳን ድንኳን አመጣን።
ግማሽ ጆንያ ሩዝ ከጓዳ ቀረ፤
ቁልፉ ግን አንገቴ ላይ ታስሮ አደረ።

አንድ ማለዳ ሬዲዮው፦
«ማራዊን አስለቀቅን፤ ውጊያው አበቃ።»
እኛንም አስለቅቀውናል።
ቃሉ አያዳላም፤ ለጠላት ያሉት ለእኛም በቃ።

በሁለተኛው ዓመት ቁጥር ታደለን፤
የእኔ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
«ሦስት ሰዓት አላችሁ። ቀይ ክር ካያችሁ ራቁ» አለን
ዴልፊን፣ የኢሎኢሎው ልጅ፣ ጫማው የሰፋው ወታደር፣
ስማችንን ሲጠራ ምላሱ የሚደናቀፍ፣
የሰበረው ዕቃ ያለ ይመስል የሚያቀረቅር።

ላናኦ ብቻ፣ ሐይቁ፣ «አላየሁ አልሰማሁ» ብሎ
እንደ ሐሰተኛ ምስክር ተኝቷል ተንጣልሎ።
የመስጊዱ ጉልላት ወንፊት ሆኗል፤
ፀሐይ ወለሉ ላይ ሳንቲም ትበትናለች፣
የሚለቅም የለም።

ቤቴ ጣሪያ የለውም።
ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ያ ግድግዳ!
እኔና ቦላዋን አሥራ አንድ ዓመት የተካሰስንበት፣
«ስንዝር ገፋሽኝ»፣ «አልገፋሁሽም»፣
ሽማግሌ የሰለቸበት፣
ሱልጣኑ ሳይቀር ገመድ ይዞ የለካው።
በዒድ እንኳ ሰላምታ የሚያሾልክ ቀዳዳ አልነበረውም።

አሁን አለው።
ጎንበስ ላለ ሰው ይበቃል፣ ጠመንጃም ያሳልፋል።
አውሮፕላን እንዳያያቸው
ከቤት ቤት እንደ አይጥ የተሽሎከለኩበት ነው።
በእኔ ጓዳ ገብቼ በእሷ ማድቤት ብቅ አልኩ፤
ዳኛ ያልፈታውን መዶሻ ፈታው።

ከቀዳዳው አጠገብ በከሰል፣ በተማሪ ቁም ጽሕፈት፦
«ባቦ፣ አክስቴ፣ ሩዝሽን በልቻለሁ።
አፉ በይኝ።
ማካላንግ።»

የቦላዋን ትንሹ።
እዚሁ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ላንዞኔዬን ሲሸመጥጥ
በመጥረጊያ እግሩን ያልኩት፤
ኋላ ጥቁር ባንዲራ ተሸክሞ በቴሌቪዥን ያየሁት።
ከተማ ሲነድ አፉ በሉኝ አላለም፤
የጎረቤት ሩዝ ግን አስፈራው፤
ይህን ዕዳ ይዞ መሞት ከበደው።

የሻሼን ጫፍ በምራቄ አርሼ
ስሙን ጠረግሁት። ስሙን ብቻ።
«እማማ፣ ሰዓት ደረሰ።»
ዴልፊን ነው። ጥቁር ጣቶቼን አየ፤
ግድግዳውን አየ፤
ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

መኪናው ላይ ሌላ ቦታ አልነበረም፤
ቦላዋን ከጎኔ ተቀመጠች።
ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፦
«ግድግዳው ቆሟል?»
«ቆሟል።»
«የተበሳው በማን ወገን ነው?»
እጄን ቀሚሴ ሥር ደበቅሁ።
«ሩዝ ትቼ ነበር» አልኳት፤ «የራበው ሰው በልቶታል።
አፉ ብያለሁ።»

ድልድዩን እስክናልፍ አልተነፈሰችም።
ከዚያ እጄን ከቀሚሴ ሥር አወጣችው፤
ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤
ከሰሉን በአውራ ጣቷ አሸት፣ አሸት አደረገችው፤

«ጨውስ» አለችኝ፣
«ጨው አግኝቶ ነበር?»