ቁራሽ ኬክ

ማታ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣
ደረጃው የሚያቃስት ሕንጻ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
አሥራ አንድ ተማሪ ነበርን፣ ሰባታችን ምሳ ያልበላን፤
መምህር ዘርጋው ቾኩን አንሥቶ ገበታ ዘረጋልን።
«የእንግሊዝ አፍ» አለ «ሲያወራም እንደ በላ ነው፤
ቃሉን ብቻ አትጉረሱት፣ ወጡ ያለው ከሥሩ ነው።»

«ባቄላውን ደፋው» ሲል ሸኩር ጎንበስ ብሎ መሬት አየ፤
የእህል በረንዳ ልጅ ነው፣ ከጥራጥሬ ጋር የቆየ።
«ምስጢር አወጣ ማለት ነው።» ከኋላ እትዬ የሺመቤት፣
«በአፉ ባቄላ አይረጥብም በለና! ምን ያስኬድሃል እስከ ፈረንጅ ማጀት?»

«ዳቦዬና ቅቤዬ»፦ መተዳደሪያ። «እንጀራዬ» ብለን ጻፍን ሁላችንም፤
ቅቤው ግን ቦታ አጣ፤ እኛ ጋ ቅቤ አንጓች እንጂ ቅቤ ሠራተኛ የለም።
«በፈሰሰ ወተት አታልቅስ።» የኛ፣ የፈሰሰ ውሃ ነው የማይታፈሰው፤
ሀብታም አገር ለካ ሲፈስም ወተት ነው የሚፈሰው።

አንድ ማታ እኔ ጠየቅሁ፦ «አንጀቴን በላው በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?»
መምህር ቾኩን በመዳፉ አንከባለለ።
«እንዳትዪው» አለ፤ «አምቡላንስ ይጠራል።»

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሬ ላይ
በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ፍቺውን ስጽፍ ከርሜ፣
ገጽ አርባ ሁለት ሳንደርስ፣ ስታዲየም ጋ ካለ ሆቴል ተነሣ ስሜ።
ለእንግዳ ተቀባይነት። የእህቴ ጫማ አውራ ጣቴን ነክሶ ይዞኛል።
ፈረንጇ ሥራ አስኪያጅ ፋይሌን ገልጣ ዘጋችው፤
እጇን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወዛወዘችው፤
«አትፍሪ» አለች፣ «ፒስ ኦፍ ኬክ ነው።»
ቁራሽ። ኬክ። ሁለቱንም ቃል አውቃቸዋለሁ።
ጠረጴዛውን አየሁ፦ ውሃ፣ እስክሪብቶ፣ የቁልፍ ዘለላ።
ከጓዳ የሚመጣ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ በኋላ።
ጀርባዬን አቅንቼ፣ ሰዋስው ሳላጓድል፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
«አመሰግናለሁ» አልኳት፤ «ዛሬ ግን ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነኝ እኔ።»

ሳቀች። ኩሏ በጉንጯ እስኪወርድ ሳቀች።
የለገሃሩ አንበሳ ሳይቀር ጥርሱን ገልጦ ጠበቀኝ፤
ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ሲል ወሬው ቀድሞኝ የደረሰ መሰለኝ።

መምህር ሰምቶ አልሳቀም። «ቀላል ነው ማለቷ ነበር» አለ፣
«ሳምንት ልናየው ነበር።» ጥፋቱ የሱ ይመስል ቾኩን ኪሱ ከተተ።

በዐሥረኛው ቀን ስልክ መጣ። እንግዳ ተቀባይ አይደለም፤
ኬክ ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ። ራሷ ናት፣ ሳቋ ገና አልወጣላትም።

አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መቶ ሃያ እንቁላል እሰብራለሁ፤
ነጩን ከአስኳሉ እለያለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል እመታለሁ፤
ረቡዕና ዓርብ ክሬሙን ሳልቀምስ በሽታው ልኩን አውቃለሁ።
የመጀመሪያው ሳምንት፣ ኬክ ያልኩት ቂጣ ሆኖ ወጣ፤
የሁለተኛው መሐሉ ሊጥ፤ ሼፉ ሲጮህ ከሎቢ እንግዳ ሮጦ መጣ።

ያ ሕንጻ ፈርሷል። ሸኩርን አንዴ ባቡር ላይ አገኘሁት፤
መምህር ዘርጋው የት እንደገባ ጠየቅሁት፤
አላወቀም። ሁለታችንም በመስኮቱ አጥሩን አየን።
ደብተሩ ግን አለ፤ ጠርዙ በቅቤ ወዝቶ፣ ዱቄት ነክቶት፤
በግራ «ቁራሽ ኬክ»፤ በቀኝ፣ በራሱ በመምህሩ ጽሕፈት፣
«ቀላል»።
አልሰረዝኩትም።
ከሥሩ ብቻ፣ በእርሳስ፣ እጄን ሳልታጠብ፣
«ለሚበላው» ብዬ ጨመርኩበት።