ወለድ

«ጀልባ ይሰምጣል» አለኝ የባንኩ ሰውዬ፣
ያጎቴን ወረቀት በጣቱ ገፍትሮ፤
«ካርታ ካለሽ አምጪ፣ መያዣ ይሆናል።»
ያለኝ ካርታ አይደለም፤ የሠላሳ ዓመት ኑሮ፣
እሱም በሰው ጓሮ።

ስሙም የኪራይ ነው።
አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው ያከራየኝ፤
«ርምጃ ጫማ» የሚል ሰሌዳ ሊሰቅልልኝ፣
ግድግዳው በሱ ቀለም፣ መደርደሪያው በሱ ልክ፣
ከሸጥኩት መቶ ብር ስድስቱን ሊነጭብኝ።
«ትርንጎ ጫማ ቤት ብንለውስ?» ብላቸው
«ትርንጎን ማን ያውቃል?» አለች ጸሐፊያቸው።
እውነቷን ነው፤ ስሜ
ከዓባይ ድልድይ ወዲያ አይሻገርም በግሩ፤
የዱቤ ደብተር ላይ ነው የታወቀው ከነቁጥሩ።

መግቢያው አራት መቶ ሺህ። ባንክ ፊቱን ሲያዞር
ዓሣ ገበያ ወረድኩ፣ ዕቁብ አለ ሲሉኝ፤
አርባ እጅ፣ በየሳምንቱ አሥር አሥር ሺህ ብር።
የመጀመሪያው ዕጣ ለይታይሽ ወጣ፤
ባሏን ጣና የበላባት፣ ቢላዋዋ ስል፣
ዓሣ ስትገፍ እንኳ ዓይኗ ከሰው የማይነቀል።
ቅርፊት በለበሰ ጣት ክንዴን ጨምድዳ ይዛ
«ዕጣው ላንቺ ይሁን» አለች፣ «እወስዳለሁ ባንቺ ተራ፤
ወለድ አልጠይቅሽም፤
የወለድኩትን ግን አስገቢልኝ ሥራ።»

ሽባባው እንዲህ መጣ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ድምፁ ደንገል የሚያስተኛ፤
በከፈትን ማግሥት ደጃፉ ላይ ቆሞ፦
«የዛሬ ነው! ሳያልቅ! ማነህ ባለተራ? ማነህ ሁለተኛ?»
አንዲት መምህርት ነበረች፣ ቦርሳዋን አቅፋ ሸሸች።
«ሽባባው፣ ጫማ እኮ ነው፤ ቢያድርም አይሸትም።
ቀስ በል፣ ተረጋጋ፤ ሰው እየተሰደበም
እየተጮኸበትም አይገዛም።»
«ካልሸተተ ታዲያ ምን ያጣድፈዋል?» አለኝ።
መልሱን አላውቅም ነበር፤ መመሪያውን ሰጠሁት፣
አርባ ገጽ ከነሥዕሉ፣
ፈገግታ በደረጃ፣ ሰላምታ በደቂቃ፣
ሁለተኛው ጥንድ መቼ እንደሚቀርብ ሳይቀር።

ማታ ማታ ዘግተን ገበያተኛ እሆናለሁ፤
አንዴ ሙሽራ፣ አንዴ የዘጌ ባለመሬት፣
አሥር ጥንድ አስወርጄ «ሌላስ የለም?» እላለሁ።
ቃሉን ቶሎ ያዘ። ጉልበቱ ግን እንቢ።
«ሰው እግር ሥር?» አለ፣ «ለጸሎተ ሐሙስ ይሁን፤
በአዘቦት ማን ይወድቃል?»
እኔው ወደቅሁ። እግሩን በእጄ ያዝኩት፣
ቁጥር አርባ አራት፣ ተረከዙ እንደ በጋ መሬት፤
ካውራ ጣቱ ጀምሬ ቀስ ብዬ ለካሁት።
አንድ ቃል አልተነፈሰም።
በማግሥቱ ላንድ ሊስትሮ ሲንበረከክ አየሁት።

ሐምሌ ገባ። በዚያ ጭቃ ማን አዲስ ቆዳ ያወጣል?
በሦስት ቀን አንድ ጥንድ፣ እሱም የሕፃን ሰንደል፤
የስም ኪራይ፣ የቤት ኪራይ፣ እሑድ ደግሞ ዕቁብ ይመጣል፤
እኔ እደምራለሁ፣ ድምሩ ግን ይጎድላል።
ሽባባው ደብተሩ ላይ አጎንብሶ አሸተተ፦
«ጫማው አይሸትም ብለሽኝ፣
ዓሣውማ ብድሩ ነው፣ ያደረ ለታ የሸተተ።»

ሃያ ጥንድ የጎማ ቦቲ ባጃጅ ላይ ጫነና
ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ተከተልኩት ልቆጣ።
ከሱቅ ውጪ መሸጥ ክልክል ይላል ውሉ፣ አንቀጽ ዘጠኝ፤
ስንት ሌሊት አንብቤው ፊደሉ ሁሉ ሰለቸኝ።
ደረስኩ። አልጮኸም።
ያ ሁሉ ጉሮሮ የት እንደገባ እንጃ፤
ደሙና ውሃው ላይ ካርቶን አንጥፎ
እናቱ መደብ ፊት በጉልበቱ ነበር።
«ሠላሳ ስድስት ነው ያደረግሽው፤ እግርሽ ሠላሳ ስምንት ነው።»
ስንት ዓመት በጠባብ ቆማለች?
ይታይሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች።
እግሯን ስትሰጠው ፊቷ ወደ ሐይቁ ነበር።

ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ፣ ባለማኅተም፤
ሁለት ሳምንት ሆነው፤ አልመለስኩም፣ አልቀደድኩም።
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከዕቁቡ ገንዘብ ሥር፤
በከፈትኩት ቁጥር
ዓሣ ዓሣ ይላል።